በየጁሙዓው የምናነበው ውሻ

ቢስሚላህ። አልሐምዱሊላህ፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል? ያልቀራችሁ ካላችሁ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ አላችሁ። የቀራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ውሻውን አያችሁት?

በሱራው ውስጥ አንድ ውሻ አለ። በየጁሙዓው እናገኘዋለን፣ በየጁሙዓው እናልፈዋለን። እኔም ለዓመታት ሳልፈው ኖሬያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ጁሙዓ ቀን እንዴት እንዳለፍኩት ነው። የራስን ጥፋት አደባባይ ማውጣት የሚወደድ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከእኔ ሌላ የሚማርበት ይኖራል ብዬ ነው። አላህ ይማረኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ኹጥባ ወደማደርግበት መስጂድ በሚኒባስ ታክሲ እየሄድኩ ነበር። ውዱእ አድርጌ ነው የወጣሁት፤ ነጭ ጀለቢያዬ ከተተኮሰ ሰዓት አልሞላውም። ጋቢና ተቀምጬ በስልኬ ከህፍን እየቀራሁ ነው። አዲስ አበባ፣ በአየር ጤና በኩል ባለው ቀለበት መንገድ ላይ ታክሲው ድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀና ስል ውሻ አየሁ።

ቀለበት መንገድን የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ መሐሉ ላይ የኮንክሪት አጥር አለ። ሰው በእግረኛ ድልድይ ይሻገራል፤ ውሻ ድልድይ አያውቅም። ግማሹን መንገድ እንደምንም አቋርጦ አጥሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዘሎ እንዳያልፍ አጥሩ ከፍ ይልበታል፣ እንዳይመለስ መኪናው ይመጣበታል። ያለው አማራጭ አጥሩን ታክኮ መሮጥ ነው። ይህኛው ቡናማ ውሻ ነበር። አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። ባለቤት ነበረው ማለት ነው፤ ከአንድ ሰው ግቢ አምልጦ ወይም ተባርሮ የወጣ ነው። ጆሮውን ወደኋላ አጣብቆ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ከእኛ ጎን እኩል ይሮጣል።

ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "ሂድ ከዚህ!" እያለ የታክሲውን በር ደበደበ። ከኋላ አንዲት እናት "ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ ነፍስ እኮ ነው" አሉ። ውሻው በድብደባው ድምፅ በርግጎ ወደ መሐል ዞረ። ከጎናችን የነበረው የጭነት መኪና መቆም አልቻለም።

"ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ" አልኩና ዓይኔን ወደ ስልኬ መለስኩ። የትኛው አንቀጽ ላይ እንደነበርኩ አላስታውስም። ውሻው ያለበት አንቀጽ ላይ ነበርኩ ብላችሁ ታሪኩ ባማረ ነበር፤ ግን አልዋሽም፣ አላስታውስም።

ትንሽ ራቅ ብለን ወረድኩ። ዞር ስል ውሻው እየተሳበ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጥቶ እዚያ ሞቷል። ከእግረኛው ቦታ ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። መኪናዎቹ እሱን ለመሳት ወደ ግራ ይላሉ። መስጂድ ስገባ ጫማዬን የምይዝበት ፌስታል ኪሴ ውስጥ ነበር። ለኹጥባው ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀረኛል። ቆሜ አየሁትና ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ውዱእ አለኝ፣ ልብሴ ነጭ ነው፣ ውሻ ደግሞ ነጃሳ ነው። ሄድኩ።

ኹጥባውን አድርጌ፣ አሰግጄ፣ ሰው "ባረከላሁ ፊክ ኡስታዝ" ብሎኝ፣ 8 ሰዓት ገደማ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። እዚያው ቦታ ሰው ተሰብስቧል። አንድ ሞተር በጎኑ ወድቋል። ሞተረኛው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ይዟል፣ ጉልበቱ ደምቷል። መኪና ሲገፋው ወደ ጠርዝ ወጥቶ ጎማው ውሻው ላይ ነው የወጣው። ሰዎች ታክሲ አስቁመው ወደ ሕክምና ወሰዱት።

አንዲት የጎዳና ጽዳት ሠራተኛ እናት ማዳበሪያ ይዘው ደረሱ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። "እናቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበር እኮ" አልኳቸው፤ ምን ለማለት እንደፈለግኩ እንጃ። "ስንቱ አልፎት ሄደ" አሉ፤ "እኔ ተራዬ ወዲያ ማዶ ነበር፣ አሁን ነው የነገሩኝ። ጫፉን ትይዝልኛለህ ልጄ?"

ያዝኩላቸው። ውሻውን ወደ ማዳበሪያው ጎትተን ከመንገዱ አራቅነው፤ አፈር መለሱበት። የጀለቢያዬ ጫፍ ነካው። ማታ ቤት ገብቼ አጠብኩት። እድፉ ለቀቀ። ሌላው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የዚያን ልጅ ስም እንኳ አላውቅም። በየሱጁዴ "ያ ልጅ" እያልኩ ዱዓ አደርግለታለሁ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣

እኔ በዚያ ቀን ያልኳቸው ሦስቱም ነገሮች ሰበብ ነበሩ። አንድ በአንድ እንያቸው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንደበቅባቸው እነዚሁ ናቸው።

ውዱእ አለኝ አልኩ። ነጃሳ መንካት ውዱእ አያፈርስም። ይህን ለልጆች የማስተምረው እኔው ነኝ። ነጃሳ የነካው ቦታ ይታጠባል፣ ውዱኡ ግን እንዳለ ነው። ሐይድ የጀመራትን ልጅ ልብስ፣ የሕፃን ሽንት የነካውን ጋቢ በዚሁ ሕግ ነው የምንይዘው። ማንም እናት ልጇ ሸናባት ብላ ልጇን መንገድ ላይ አትጥልም።

ልብሴ ነጭ ነው አልኩ። ይህ መልስ አያስፈልገውም።

ውሻ ነጃሳ ነው አልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ውሻ ዕቃ ውስጥ አፉን ካስገባ ዕቃው ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም በሶሒሕ ተዘግቧል፤ አንዱም በአፈር እንዲሆን በሙስሊም ዘገባ መጥቷል። ዑለሞች ከዚህ በመነሳት የተለያየ አቋም ይዘዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ሁለመናው ነጃሳ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ በጠነከረው አቋም ለሃጩ ነጃሳ ሲሆን ፀጉሩና አካሉ በራሱ ነጃሳ አይደለም። በማሊኪይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ውሻ ንጹሕ ነው፤ ዕቃው የሚታጠበው ትእዛዝ ስለሆነ ነው። ሁላችሁም በየመዝሀባችሁ ሥሩ፤ አንዱን ጥሉ አልልም። ግን ከሁሉም ጠንካራ በሆነው አቋም እንኳ ደረቅ ነገር ደረቅን ሲነካ ነጃሳው እንደማይተላለፍ ፉቀሃዎቹ ይነግሩናል። ደረቅ ውሻ ደረቅ ሱሪህን ታኮ ቢያልፍ ምንም አልሆንክም። ያ ሁሉ መራወጥ፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ከየት መጣ ታዲያ?

ነጃሳ ማለት የእጥበት ሕግ ነው። የጥላቻ ሕግ አይደለም።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ በፊት፣ ወሎ ደረሳ ሆኜ ስቀራ ነው። ሸኻችን ግቢ ፍየሎቹን ከጅብ የሚጠብቅ ውሻ ነበር። ሌሊት የሚጮኸው እሱ ነው፣ እኛ የምንተኛው እኛ ነን። አንድ ቀን ኪታቤን ይዤ ሳልፍ ቀረበኝና በድንጋይ አልኩት፤ እያነከሰ ሸሸ። ሸሆቹ ከደጃፉ ሆነው አይተውኛል። ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ ቀስ ብለው "አንተ ልጅ" አሉኝ፤ "አፉን ያስገባበትን ዕቃ ሰባት ጊዜ ታጥበዋለህ። የወረወርካትን ድንጋይ ደግሞ በስንት ትታጠባታለህ?"

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ወደ ከህፍ እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ) በ18ኛው አንቀጽ ስለ ዋሻው ወጣቶች ሲነግረን፣ ውሻቸው የፊት እግሮቹን በዋሻው ደጃፍ ላይ ዘርግቶ እንደነበር ያነሳልናል። በ22ኛው አንቀጽ ደግሞ ሰዎች በወጣቶቹ ቁጥር ላይ እንዴት እንደተለያዩ ይነግረናል። አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ሰባት ይላል። በእያንዳንዱ ቆጠራ መጨረሻ ላይ ግን ውሻው አለ። የወጣቶቹ ስም አልተነገረንም፣ ቁጥራቸውን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው ተባልን። ውሻው ግን ከአንዱም ቆጠራ አልቀረም። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው የወጣቶቹ በረካ ለውሻቸውም እንደተረፈ፣ የመልካም ሰዎች ጉርብትና ጥቅሙ ይህ መሆኑን ያስረዳሉ።

ቦታውንም ልብ በሉ። ውሻው ከዋሻው ውስጥ አልተባለም፣ ከደጃፉ ነው። ይህ ከዲናችን ሚዛን ጋር አንድ ነው። ውሻ ባለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡ በሐዲስ ተነግሮናል። ለአደን፣ ለከብት ወይም ለእርሻ ካልሆነ ውሻ የሚያሳድር ሰው በየቀኑ ከአጅሩ እንደሚቀነስበትም ተነግሮናል። ስለዚህ ውሻን አልጋችሁ ላይ አውጡት የሚላችሁ የለም። በሌላ በኩል አላህ በሱረቱል ማኢዳ 4ኛ አንቀጽ የሰለጠነ የአደን እንስሳ የያዘውን ፈቅዶልናል፤ ሥራውንም አክብሮለታል። በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ ደግሞ በምድር የሚሄዱትና በሰማይ የሚበሩት ሁሉ እንደኛው ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ነግሮናል። ዲናችን ለውሻ ደጃፍ ሰጥቶታል። እኛ ነን ከደጃፍም አባረን አስፋልት ላይ የጣልነው።

አሁን ሁለት ሐዲሶችን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ሁለቱንም አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፏቸው፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቧቸው ናቸው።

በመጀመሪያው አንድ ሰው መንገድ እየሄደ ውሃ ጠማው። ጉድጓድ አገኘ፣ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ ከጥም የተነሳ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። ይህን ውሻ እኔን የያዘኝ ጥም ይዞታል ብሎ ተመልሶ ወረደ፤ ጫማውን ውሃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ይዞ ወጣና አጠጣው። አላህም ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሶሓቦቹ በእንስሳትም አጅር አለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ አጅር እንዳለ መለሱላቸው። ጫማው የገዛ ጫማው ነው፤ የያዘውም በአፉ ነው። ቡኻሪ ይህን ሐዲስ በውዱእ ምዕራፍ ውስጥም አስገብተውታል። እኔ ግን ፌስታል እያለኝ እጄን ሰበሰብኩ።

በሁለተኛው ሐዲስ እንዲሁ አንድ ሰው መንገድ እየሄደ ሳለ የእሾህ ቅርንጫፍ ተጋድሞ አገኘ። ከመንገዱ አነሳው። አላህም ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሌላ ምንም አልተነገረንም።

ሁለቱ ሰዎች የተማሩት የት ነው? መንገድ ላይ። ሁለቱም ወደሌላ ጉዳይ እየሄዱ ነበር። ስለ ሶላታቸውና ስለ ጾማቸው በሐዲሶቹ አልተነገረንም። አንዱ ለውሻ አዘነ፣ አንዱ ከኋላው ለሚመጣው ሰው አዘነ። እኔ በዚያ ጁሙዓ ሁለቱ በሮች አንድ ቦታ ላይ ተከፍተውልኝ ነበር። መጀመሪያ ረዳቱ በር ሲደበድብ "ተው" ማለት እችል ነበር፤ ከዚያ ደግሞ የሞተውን ከመንገድ ማንሳት እችል ነበር። ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን በሙስሊም ዘገባ ተምረናል። እኔ ስለ ኢማን ለመናገር ስቸኩል ኢማን መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር። ያነሱት እኒያ ማተብ ያሰሩት እናት ናቸው። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው፣ ወደ መልካሙ ሁሉ ይምራቸው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ "ኡስታዝ፣ ልጄ በውሻ ተነክሷል፤ ስለ ውሻ እዘኑ ትለናለህ?" ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ለሱብሒ ሶላት በጨለማ የሚወጣ ሽማግሌ የውሻ መንጋ ሲከበው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዲናችንም ለዚህ ቦታ አለው፦ ሰውን የሚናከስ አደገኛ ውሻ ሊገደል እንደሚችል በሶሒሕ ሐዲስ ተፈቅዷል። የሰው ነፍስ ትቀድማለች። ሲገደልም ግን ሳያሰቃዩ ነው፤ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ በእርድም በግድያም ጭምር እንደሆነ ተምረናል።

ግን ፈቃዱ ለአደገኛው ነው። ከተሞቻችን ለብዙ ዓመታት የሚያውቁት መፍትሔ መርዝ የተቀባ ሥጋ ነበር። በመርዝ አንዱን መንጋ ብናጠፋ፣ ቆሻሻው እዚያው ካለ ሌላ መንጋ ይመጣል። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው። የጤና ባለሙያዎች በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ እንደሚቆም ይናገራሉ። ስለዚህ ውሻህን ማስከተብ ለጎረቤትህ ልጅ የምትሰጠው አማና ነው።

ደግሞስ እነዚህ ውሾች አስፋልት ላይ ማን አመጣቸው? ከሰማይ አልወረዱም።

ለግቢ ጥበቃ ወንድ ቡችላ እንፈልጋለን። ሴቶቹን በጆንያ አድርገን ወንዝ ዳር ወይም መንገድ ዳር እንጥላለን። በሌላ ሰው እጅ አስጥለን እጃችን ንጹሕ ይመስለናል። ያረጀውን ውሻ መኪና ላይ ጭነን ራቅ ያለ ሰፈር እንለቀዋለን፤ እሱ ደግሞ ወደ ቤቱ ለመመለስ ስንት አስፋልት ያቋርጣል። ሌላው ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ውሃው ደርቋል፤ አንድ ቀን ገመዱን ሲበጥስ "አመለጠ" ይባላል። ድመት አስራ ሳታበላ፣ ፈትታም ከምድር ነፍሳት እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ የገደለቻት ሴት በዚያች ድመት ምክንያት እሳት እንደገባች በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ድመቷን ደበደበቻት አልተባለም። አስራ ሳታበላ ተወቻት። 

ከዚህም የሚቀርበን ሌላ አለ። ለዒደል አድሓ ኡድሒያ እናርዳለን። ሥጋውን ለሚስኪን፣ ለጎረቤት እናካፍላለን፣ አልሐምዱሊላህ። አንጀቱን፣ ሰኮናውንና አጥንቱን ግን የት እንጥለዋለን? ስንቶቻችን ነን በፌስታል ቋጥረን ከዋናው መንገድ ዳር የምንወረውረው? የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ወደዚያ አስፋልት ይወርዳል። አንዱ አጥንት ነጥቆ ሲሮጥ ሌላው ያባርረዋል፣ መሐላቸው ሞተረኛ ይገባል። ወደ አላህ የተቃረብንበት እርድ የአንድ እናት ልጅ የሚወድቅበት ምክንያት ሲሆን አስቡት። ይህ የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፣ የኛ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጁሙዓ ጀምሮ ልንይዛቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች፦

አንደኛ፦ ሹፌር ከሆናችሁ ውሻ ስታዩ ከሩቁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ከኋላ ላለው በፍሬቻ አሳውቁ። በፍጥነት እየነዳችሁ መሪ አትጠምዝዙ፤ ለውሻ ሲባል ሰው እንዳይገደል። ክላክስና ጩኸት የደነገጠን ውሻ ወደ መሐል ያስገባዋል እንጂ አያወጣውም።

ሁለተኛ፦ እግረኛ ከሆናችሁ መንገድ ዳር ያለ ውሻ ላይ ድንጋይ አትወርውሩ፣ አታባርሩት። ልጆቻችሁንም ከልክሉ። ከእናንተ ሲሸሽ የሚሮጠው ወደ መኪናው ነው። ከቻላችሁ በምግብ ወደ ውስጥ ሰፈር ሳቡት። ካልቻላችሁ ተዉት፤ ለእሱ ብላችሁ ፈጣን መንገድ ውስጥ አትግቡ።

ሦስተኛ፦ የተጎዳ ውሻ በሕመም ይናከሳል። በባዶ እጅ አትንኩት። የእንስሳት ሐኪም የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፣ ውሃ አስቀምጡለት፣ ልጆችን አርቁ።

አራተኛ፦ ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ቁስላችሁን ከላሳችሁ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ ለሕክምና የሚደረግ እጥበት ነው፤ ከሰባቱ እጥበት ጋር አታምታቱት። ሕመም የለውም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሕመሙ ሲመጣ ጊዜው አልፏል።

አምስተኛ፦ ውሻ ካላችሁ አስከትቡት፣ አብሉት፣ ውሃውን አትርሱ፣ በሩን ዝጉ። የማታሳድጉትን አትውሰዱ። ቡችላ ወልዳ ከሆነ ጠያቂ ፈልጉላቸው፣ መንገድ ላይ አትጣሉ።

ስድስተኛ፦ የዒድ ተረፈ እርድ ይቀበር ወይም ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ። የየመስጂዱ ወጣቶች ከዒድ በፊት በዚህ ቢነጋገሩ ትልቅ ኸይር ነው።

ሰባተኛ፦ ኪሳችሁ ውስጥ አንድ ፌስታል ይኑር። መንገድ ጠርዝ ላይ የወደቀ ነገር ስታዩ፣ መኪና እንደማይመጣ አረጋግጣችሁ፣ አንሱት። ካልቻላችሁ እዚያው ቆማችሁ ለሚመለከተው አካል ደውሉ። ልብሳችሁ ከነካው እጠቡት። ጁሙዓችሁ አይበላሽም።

ውዶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። የውሻ ለሃጭ በሰባት ውሃ ይለቃል። ጭካኔና ቸልታ ግን የሚለቁት በተውባ ነው፤ ተውባ ደግሞ ቀጥሎ በምናገኘው መንገድ ላይ ነው የሚፈተነው።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ከህፍን ስትቀሩ 18ኛው አንቀጽ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ውሻው እዚያው ነው፣ እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ከዚያ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት ወደ መንገዱ ተመልከቱ።

ያ አላህ፣ በእጃችን የተጎዳውን ሁሉ፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ ይቅር በለን። ያን ልጅ እጁን ሙሉ ዓፊያ አድርግለት፣ የጎደለበትን ሪዝቅ መልስለት። ልባችንን ከልብሳችን በላይ የምናጥብ አድርገን። በመንገዳችን ላይ ያስቀመጥክልንን የምሕረት በር አይተን የማናልፍ አድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ጁሙዓችሁ ሙባረክ ይሁን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።